በሕይወት ስለመኖር

ሰኞ

አልሞተችም አልኩት። ጠዋት አጥሚት አጠጥቻት ነው የመጣሁት፤ አቃጠልሽኝ ብላ እንኳ ተቆጥታኛለች። ልጁ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «እማማ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ሲስተሙ ነው ያላመነው» አለኝ።

ሳምሶን ይባላል። ቡድን መሪ ነው። ስሙን ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ጣውላ ማንንም ሳልጠይቅ አነበብኩ። የዛሬ ድሌ ይቺ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ዘይነባ የመንግሥት ሆስፒታል አንሶላ አጣቢዎች ነበርን። አብረን ተቀጠርን፣ አብረን ጡረታ ወጣን። ክረምት ላይ ዘይነባን በሯ ላይ ጭቃ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። በዚሁ መሃል አዲስ አሠራር መጣ። ጡረተኛ ሁሉ በአካል ቀርቦ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጥ ተባለ። ያልቀረበ ይቋረጥበታል። እኔ ሄጄ ሰጠሁ። እሷ መሄድ አልቻለችም፣ ተቋረጠባት። የቤት ኪራይዋ የሚከፈለው ከዚያችው ጡረታ ነው። አከራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ እታገሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቤቴን ብሏል።

ውክልና ይዤ ልምጣ አልኩት። «ለዚህ ጉዳይ ውክልና አይሠራም።» ለምን? «ወካይዋ በሕይወት መኖራቸው ስላልተረጋገጠ።» እንግዲያው ናና እያት አልኩት። «ከቢሮ ወጥተን የምናይበት መመሪያ የለንም።» መመሪያውን አውጡታ አልኩት። ያን ጊዜ ቀና አለ። «እማማ፣ አሁን የጡረታ አሠራሩ በሙሉ እየተከለሰ ነው። ዓርብ በወረዳው አዳራሽ ውይይት አለ። እዚያ ላይ ይነሳል።»

ይነሳል ይላል። ማን እንደሚያነሳው ግን አይናገርም።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለውም። የጡረተኛ ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይሁን ብሎ የወሰነውን ሰው አንድ ቀን ባየው ደስ ይለኛል። የወረድኩት ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው።

ተመልሼ ለዘይነባ ነገርኳት። ጣራውን እያየች ሰማችኝ። «እኔ ከሞትኩ ታዲያ» አለች፣ «ይሄ የሚያመኝ ዳሌ የማን ነው?»

ማክሰኞ

ወረዳ የምትሠራ ትዕግስት የምትባል ልጅ በሬን አንኳኳች። «ዓርብ የጡረታ ማሻሻያ ውይይት አለን። እርስዎ ተመርጠዋል፣ እማማ ብርቄ» አለችኝ። ልቤ ደስ አለው። ሳልለምን መጣልኝ ብዬ ወንበሩን ጠርጌ አቀረብኩላት።

«ምንድን ነው የምናገረው?»

«መድረኩን ይመርቁልናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይቀመጣሉ።»

ሁልጊዜ የሚመርቁት ሽማግሌ ታመዋል። ደግሞ ባለፈው ስብሰባ ፎቶው ላይ ወንድ ብቻ ታየ ተብሎ እነ ትዕግስት ተገምግመዋል፣ ስለዚህ የዘንድሮው ሴት ትሁን ተባለ። በወጣትነቴ ማንም ለፎቶ አልፈለገኝም። ይኸው አሁን ተፈለግሁ።

ልጅቷ ሕጉን ነገረችኝ። አጭር ይሁን። ሃይማኖት አይነካ፤ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ እንደ እኔ ጴንጤውም ስላለ ፈጣሪ ብሎ ማለፍ ነው። ቅሬታ አይግባበት። ነጭ ልብስ ይለበስ።

«ነጭ ለምን?»

«መድረኩን ያደምቀዋል፣ እማማ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ነጭ ሳጥብ ኖሬ አሁን እኔው መጋረጃ ልሆን ነው።

መናገር እፈልጋለሁ አልኳት። ስለ አንዲት ሴት የምለው አለኝ፣ ብዙ አላስቸግርም። አንገቷን ሰበር አድርጋ አዘነችልኝ፤ ይሄ የቢሮ ሰው ማዘን ደግሞ ያናድደኛል። «ጡረተኛውን ወክለው የሚናገሩ ተመድበዋል። ጋሽ ደምሴ ናቸው።»

እምቢ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። እምቢ ካልኩ አዳራሹ በር ላይ እንኳ አልደርስም። እሺ አልኩ።

ዘይነባ ስትሰማ ዳሌዋን እስኪያማት ሳቀች። «አንቺ ልትመርቂ? አንቺ የረገምሽውን እንጂ የመረቅሽውን ነገር አይቼ አላውቅም።»

ረቡዕ

ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ናቸው። ቤታቸው ከአየር ጤና አደባባይ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከረባት አስረው መስታወት ፊት ለፊት ንግግር ሲለማመዱ ደረስኩ።

የዘይነባን ነገር ያንሱልኝ አልኳቸው። በቤት መጥቶ የሚያረጋግጥ ሰው ይመደብ፣ ሌላ ምንም አልልም።

«ብርቄ፣ እዚያ የሚነሳው ትልቅ ትልቁ ነው። የመዋጮው ጉዳይ አለ። የጡረታ መውጫ ዕድሜ አለ። ድሮ የወጣነው ከአሁኖቹ ጋር እንዴት ይስተካከል የሚለው አለ። አንድ ሰው አልጋ ላይ ስለዋለ ሕግ አይለወጥም።»

«አንድ ሰው? ሁላችንም እኮ ወደዚያው አልጋ ነው የምንሄደው፤ ተራ ነው እንጂ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ነገር አትጎትቺ።»

«እንዴት ያለ ንግግር ነው የያዙት? ያንብቡልኝ።»

አነበቡልኝ። እኔም ከትከሻቸው ላይ ሆኜ በዓይኔ ተከተልኩ። «ማሻሻያው ወቅቱን የጠበቀ መሆኑን እያደነቅን» ይላል። «ለተግባራዊነቱ የበኩላችንን እንደምንወጣ» ይላል። ይሄ የእርስዎ አፍ አይደለም አልኳቸው። ወረዳው ጽፎ የሰጣቸው ነው። እሳቸው የጨመሩት መጨረሻው ላይ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ። ትንሽ አፈሩ መሰለኝ፤ ከረባታቸውን ማላላት ጀመሩ። «ከዚህ ከወጣሁ ሌላ ጊዜ አይጠሩኝም። ቤት መዋል እኮ ከባድ ነው፣ ብርቄ።»

አውቃለሁ። እሱን አውቃለሁ። ግን ተናድጄ ወጣሁ፣ ሚስታቸው ያቀረቡትን ዳቦ እንኳ ሳልቀምስ።

ወደ ማታ አከራዩ ዘይነባ ቤት መጥቶ ነበር። አልጮኸም፣ አልሰደበም። ክፍሉን ለሚያይ ሰው በር እንዲከፈት ብቻ ጠየቀ። ሙና፣ የዘይነባ ልጅ፣ ስትነግረኝ ድምጿ እንደ ሕፃን ሆነ። አሁን እናቷን ስለምታስታምም ልብስ መሸጡንም ትታዋለች።

እነሱ ካልመጡ እሷን እንወስዳታለን አልኳት።

ሐሙስ

እግሬ አብጧል። ግን የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ሰፈራችን መኪና አይገባም፤ መንገዱ ለቱቦ ተቆፍሮ እንደተከፈተ ቀርቷል። በጀርባ እንዳናዝላት ዳሌዋ አለ። ቃሬዛ ያለው ደግሞ እድሩ ብቻ ነው። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ «ለቆመ ሰው ሰጥተን አናውቅም» ብሎ አንገራገረ። ዘይነባ መቼ ቆመች አልኩት። ሰጠን። አራት የሰፈር ጎረምሶች ተሸከሟት። ሙና ፀሐይ እንዳይመታት ብላ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ነጭ ነጠላ አለበሰቻት። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አንድም ሚኒባስ እሺ አላለንም። «እናቴ፣ ሬሳ አልጭንም። ፈጣሪ ያጽናችሁ» አለኝ አንዱ ሹፌር። አልሞተችም ስለው ክንዴን ያዝ አድርጎ «ልክ ነው፣ ለእናንተ መቼም አትሞትም» አለኝ።

በእግር ሄድን። ያን ጊዜ መንገዱ በሙሉ ተነሳ። ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ አደረጉ። የጋራዥ ልጆች ኮፍያቸውን አወለቁ። መስጊዱ ጋ ስንደርስ የማናውቃቸው ሰዎች እየሮጡ መጥተው ከጎረምሶቹ ትከሻ ላይ ተቀበሉን። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ጀናዛ መሸከም ምንዳ አለው ይላሉ፤ ሁሉም ተራ ይፈልጋል፣ አንዱ ለሁለት እርምጃ ይይዝና ለሌላው ያቀብላል። ማን ናቸው ይሉኛል፣ መቼ ነው ያረፉት ይሉኛል። ወደ ቢሮ ነው የምንወስዳት እላለሁ፣ ማን ይስማኝ። ፍጥነታቸው ለጉድ ነው። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። መገንጠያው ላይ ስደርስ ወደ መቃብሩ መንገድ ታጥፈዋል።

ሙና እየጮኸች ሮጠች። እሷ ከመድረሷ በፊት ከነጠላው ሥር ድምፅ መጣ።

«ቀስ በሉ፣ ልጆች። እኔ ገና ነኝ።»

ከፊት የያዘው ሰውዬ ሊለቃት ምንም አልቀረው። አንዱ ሱራ መቅራት ጀመረ። ቆይተው ሁሉም ሳቁ፣ አንድ ሽማግሌ ሲቀሩ። እሳቸው «ታዲያ ለምን ተሸፈኑ?» ብለው ዘይነባን ተቆጧት፣ አታለለችኝ ባይ ናቸው። የሆነው ሆኖ ከጀመርን አይቀርም አሉና ተሸክመው ቢሮው ደጃፍ አደረሱን።

ጥበቃው እጁን ዘረጋ። «ሬሳ አይገባም።»

«ወንድሜ» አለችው ዘይነባ፣ «ሬሳ አለመሆኔን ላስመዘግብ ነው እኮ የመጣሁት።»

አስገባን። ደረጃው ግን ጠባብ ነው፣ ቃሬዛው አልታጠፍ አለ። አንዲት ሠራተኛ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ብቅ ብላ አየችን። «በሕይወት አሉ፣ አየኋቸው። ግን ማየት አይበቃም፣ አሻራ ነው።» አሻራ ማንሻውን አውርጂልን አልኳት። «ተንቀሳቃሹ ማሽን ያለ አቶ ሳምሶን ፊርማ አይወጣም።» እሱስ የት ነው? «ለነገው ውይይት አዳራሽ እያዘጋጀ ነው።»

ስለ ጡረተኛ ለመወያየት ወንበር እየደረደረ ነው። ጡረተኛዋ እዚህ መሬት ላይ ተኝታለች።

የዘይነባ ፊት አመድ መሰለ። ስብራቱ ሳይሆን ጉዞው ነው ያሳመማት። እንመለስ አልኩ። ስንመለስ ሰው እንዳይሳሳት ብለን ነጠላውን ገፈን ፊቷን ገለጥነው። ቀና ብላ ሰላም እያለች ሄደች። አንድም ሰው ሊሸከማት አልመጣም። ጎረምሶቹ ብቻቸውን እያረፉ፣ እያረፉ አደረሷት።

ዓርብ

ለምርቃቱ የጻፍኩትን ወረቀት ጠዋት ቀደድኩት። ለዘፈን የተጻፈ ይመስል ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፣ አነበብኩት፣ «አሳታፊ» የሚል ቃል አለበት። መድረኩ ላይ ከበላይ የመጡ አንድ ኃላፊ በመሃል ተቀምጠዋል፣ በስተቀኛቸው ሳምሶን፣ ከእሱ ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ። ውሃ ታድሏል። እኔ ነጭ በነጭ ሆኜ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆምኩ። ፎቶ ተነሳሁ።

በተለመደው ጀመርኩ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ አፍ ብቻውን ይለዋል።

አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሜን አሉ። ዝናቡን የምሕረት፣ ምድሩን የበረከት ያድርግልን። አሜን። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። አሜን። አሜኑ እየተቀጣጠለ መጣ፣ መድረኩ ላይ ያሉትም እጃቸውን ዘርግተዋል። ያን ጊዜ ነው የታየኝ። መራቂን ማንም አያቋርጥም። ተናጋሪ ቢሆን ሰዓት አልቋል ይሉታል፤ የሚመርቅን ሰው ግን እጅ ዘርግቶ ከመስማት በቀር ምን ይደረጋል?

«እናንተም እንደኛ አርጅታችሁ ጡረታ ለመብላት ያብቃችሁ» አልኩ። ኃላፊው ጮክ ብለው አሜን አሉ።

«ዳሌያችሁ አይሰበር።» አሜን። ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«ቢሰበርም ሦስተኛ ፎቅ ውጡ የሚላችሁ አይምጣባችሁ።» አሜን። ይሄኛው የጡረተኛው ነው፤ ቆርቆሮው ነው የተንቀጠቀጠው። ትዕግስት በበሩ በኩል ሆና በእጇ ይቁረጡት ትለኛለች። አላየኋትም። ማለት፣ አይቻታለሁ።

«በሕይወት እያላችሁ ሞታችኋል አትባሉ።» አሜን።

«በአልጋ ላይ ያለችው ጓደኛዬ ዘይነባ ደጇን የሚረግጥ አትጣ። ለአቶ ሳምሶን ማሽኑን ይዞ እስክትገኝበት ቤት የሚያደርስ ጉልበት ይስጠው።» አሜን አለ ሕዝቡ። ሳምሶንም አብሮ አለ። ካለው በኋላ ነው የሰማው፤ አፉ ሳይዘጋ ቀረ።

«ሰኞን አያሳልፈው።» አሜን።

«ሰምቶ የሚያደርግ ይባረክ» አልኩና ዝም አልኩ። ሰምቶ የማያደርገው ምን እንደሚሆን አልተናገርኩም። ትልቅ ሰው ምርቃቱን እዚያ ላይ ሲያቆም ግን ሁሉም የቀረውን በሆዱ ይጨርሰዋል።

ኃላፊው ፈገግ ብለው «እናታችንን እናመሰግናለን» አሉ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሥዕልና መስመር እያበሩ ሲያስረዱ ዋሉ። ጋሽ ደምሴ ንግግራቸውን አነበቡ። ስለ አልጋ፣ ስለ ቤት ለቤት፣ አንድ ቃል የለም።

መውጫ ላይ ትዕግስትን ያዝኳት። ያልኩት ተጽፏል ወይ? «እማማ፣ እኔን እኮ አስገመገሙኝ» አለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ለእሷ አዘንኩ። «ምርቃት ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይሰፍርም። መድረኩ በምርቃት ተከፈተ ነው የሚባለው፣ በቃ።»

በቃ። ከዚህ ሁሉ አሜን አንዱም ወረቀት ላይ የለም።

ቅዳሜ

ዘይነባ አታናግረኝም።

ሙና ከሰው ሰምታ ነግራታለች። ዘይነባ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ለቃሬዛው እሺ ብዬሻለሁ» አለች። «በአዳራሽ ስሜን ጥሪልኝ ግን አላልኩሽም። አሁን የኮልፌ ሰው ሁሉ ለማኝ ሆነች ይላል።»

«ማን ነው ለማኝ ያለሽ? የሠራሽበት ነው።»

«እኔና አንቺ እናውቃለን። አዳራሹ ምን ያውቃል?»

ላንቺ ብዬ ነው አልኳት። «ለራስሽ ነው» አለች። «ሰው እንዳይረሳሽ ነው። ሁልጊዜ ሰው ረስቶኛል ትያለሽ፣ ይኸው አጨበጨቡልሽ።»

አላጨበጨቡም። ምርቃት ላይ አይጨበጨብም። ይህንኑ ነገርኳትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ነው የዘጋሁት።

ልብስ አጠብኩ። ታጥቦ የነበረውንም ደገምኩት። የምትለው ውሸት ነው። በሙሉ ግን ውሸት አይደለም፣ ያናደደኝም እሱ ነው።

እሑድ

ከቸርች ስወጣ ጋሽ ደምሴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እሳቸው እዚህ ደጅ መጥተው አያውቁም፣ ኦርቶዶክስ ናቸው። ቅዳሴ አስቀድሰው በቀጥታ ነው የመጡት፣ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ያ ልጅ ደወለልኝ» አሉ። «ሳምሶን። ሴትዮዋ ምርቃቷን ለምን አቋረጠችው ይላል። የቀረው ምንድን ነው ይላል። እናቱ ናት መሰለኝ ጉድ ያፈላችበት፤ ትልቅ ሰው ሆድ ውስጥ ነገር አስቀርተህ መጣህ ብላ እህል አልቀምስ አለች።»

«ምን አሉት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አልኩት። ግን አሜን ስትል ጎንህ ነበርኩ አልኩት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔም ብያለሁ እኮ፣ ብርቄ። ከዚያ ያንን ወረቀት አነበብኩ። ቤት ገብቼ ምሳ አልበላ አለኝ።»

አላጽናናኋቸውም። ማጽናናት አልችልበትም። ግን እስከ ታክሲው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።

የጽሑፍ አስተያየት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይቀበላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ አሉኝ። በራሳቸው አፍ እንዲሆን አልኳቸው። በአልጋ ላይ የዋለ ጡረተኛ ቤቱ ይታይ፣ ይኸው ነው፣ ማድነቅ አያስፈልግም።

ዘይነባ ቤት አልሄድኩም። ሙና በአጠገቤ ስታልፍ ምግብ በልታለች ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በልታለች። እኔን ጠየቀች ወይ አላልኩም።

ሰኞ

መጣ።

ከምሳ በኋላ ነው። ቱቦው የተቆፈረበት ጋ አንድ ሰው ጥቁር ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ጭቃ እየዘለለ ሲመጣ አየሁ። ሳምሶን ነው። በቢሮው ሲያዩት ትልቅ ሰው ይመስላል፤ እዚህ ግን የሰው ልጅ ነው፣ ጫማው በጭቃ ተበላሽቷል።

«እማማ፣ በመመሪያ አይደለም የመጣሁት» አለኝ ገና ሰላም ሳይለኝ። «ማሽኑን ለጥገና ብዬ ነው ያስወጣሁት። ለማንም አይናገሩ።»

እስከ በሩ ወሰድኩት። እኔ አልገባሁም፣ ኩርፊያ ላይ ነን። ዘይነባ ወዲያው አላስገባችውም። ሙና ፀጉሯን እስክታበጥራትና ሐምራዊውን ሻሽ እስክታስርላት በር ላይ አቆመችው። መንግሥት አንዴ ቤቷ ከመጣ ተዘጋጅታ ነው የምትቀበለው።

ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ። «ያቺን ሴትዮ ግቢ በሏት። ምስክር ያስፈልጋል።»

ገባሁ። አላየችኝም፣ ግን አልጋው ላይ ደህናውን እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ።

አሻራዋን አነሳ። በመጀመሪያው አልተያዘም፣ በሁለተኛው ተያዘ። ከዚያ ኔትወርክ የለም ተባለ። ሳምሶን ማሽኑን ይዞ ወጣ፤ ከጉድጓዱ የወጣው የአፈር ቁልል ላይ ወጥቶ ማሽኑን ወደ ሰማይ አንስቶ ቆመ። የሰፈር ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ያየዋል። «ወደ ግራ» ይለዋል አንዱ፣ «የእኔ ስልክ እዚያ ጥግ ነው የሚይዘው» ትለዋለች ሌላዋ። አልያዘም። ቢሮ ስገባ ይልከዋል፣ ማሽኑ ይዞታል አለ።

«እና አሁን እኔ አለሁ ወይስ የለሁም?» አለችው ዘይነባ።

«አሉ፣ እናቴ። ግን ነገ ነው የሚታወቀው።»

ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ጠጋ አለ። «የዓርቡን ይጨርሱልኝ።»

የእናቱ ልጅ ነው። ጫማውን አየሁ። ትከሻው ላይ እጄን ጭኜ ጨረስኩለት፤ ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ ትዳር፣ አሳንሰር ያለው ቢሮ። እሱ አሜን አለ፣ ዘይነባም አሚን አለች።

ሌሎቹስ አልኩት፤ በዚህ ወረዳ አልጋ ላይ ያለችው ዘይነባ ብቻ ናት? «የማሻሻያው ረቂቅ ገና ነው» አለ፣ ጭቃውን እየዘለለ ሄደ።

ማክሰኞ

ሙና እየሮጠች መጣች። ስልኳ ላይ መልእክት ገብቷል፤ የተቋረጠው በሙሉ ተለቋል። አሳየችኝ፣ እኔው ራሴ አነበብኩት። ከዚያ ለአከራዩ ደወለች። ክፍሉን ሊያዩ የመጡት ሰዎች ዛሬ በር ላይ ደርሰው ተመለሱ።

ዘይነባ ስትሰማ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «ለስንት ጊዜ ነው?» አለች። ለዓመት ነው አልኳት፣ በዓመቱ እንደገና ነው። «እንግዲያ ዓመት ሙሉ መሞት አልችልም» አለች፣ «ልጁን ውሸታም ማድረግ ነው።»

ስለ ረቂቁ የሰማነው የለም። ጋሽ ደምሴ አስተያየታቸውን አስገብተዋል፤ ተቀባዩ ማኅተም መታበት፣ ሌላ ምንም አላለም። ይገባል፣ አይገባም፣ የሚያውቅ የለም። በታችኛው መንደር አንድ ዓይነ ስውር ጡረተኛ አሉ፤ እንደ ዘይነባ መቅረብ ስላልቻሉ እስከ ዛሬ በሲስተሙ እንደሞቱ ናቸው።

ከሰዓት ትዕግስት መጣች። በር ላይ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም። በክፍለ ከተማ ደረጃ ሌላ ውይይት አለ፤ በዚሁ ረቂቅ ላይ ነው፣ ትልልቆቹ የሚገኙበት። ሰዉ እኔን ጠይቋል አለች። «ግን እማማ፣ አዲስ አሠራር ወጥቷል። ምርቃት ከዚህ በኋላ ቀድሞ በጽሑፍ ቀርቦ ይጸድቃል።»

ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ እስካሁን ያሻሻለው ይህን ብቻ ነው። መናደድ አለብኝ፣ ተናድጃለሁም። መቼ ላምጣ አልኳት። እስከ ሐሙስ አለች።

ይኸው ዘይነባ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቻለሁ። እሷ ትራሷን ከፍ አስደርጋ ታየኛለች። ዓይነ ስውሩን ሰውዬ የት ጋ እንደማስገባቸው ጠየቅኋት። ወደ መሃል አለችኝ፣ ከሁለት ደህና አሜን በኋላ።

«መጀመሪያው ላይ ግን ለአለቆቹ ጤና ብለሽ ጻፊ» አለች። «የራሱን ጤና የሚሰርዝ የለም።»